ኢንተርኔት በማይደርስበት መሥሪያ ቤት የኮድ መዝገብ ቤት ስለ ማቋቋም

በማናቸውም መሥሪያ ቤት ከውጭ የመጣ ደብዳቤ ቍጥርና ቀን ሳይሰጠው ወደ ሹሙ ጠረጴዛ አይቀርብም፤ ከቤቱ የሚወጣውም ደብዳቤ ግልባጩ ሳይቀር አይላክም። ይህ ልማድ የተመሠረተው ወረቀት ስለ ተወደደ ሳይሆን ነገር በተነሣ ጊዜ ማን ምን እንዳዘዘ፥ በየትኛውም ቀን እንዳዘዘ ለማወቅ ነው። ዛሬ ግን በግብርና ሥራ ከደብዳቤ ይልቅ ብዙ ነገር የሚወስን ሌላ ጽሑፍ መጥቷል፤ እርሱም ኮምፒዩተር የሚታዘዝበት፥ በተለምዶ ኮድ የሚባለው ጽሑፍ ነው። የማዳበሪያ ድልድል፥ የዘር ሥርጭት፥ የአዝመራ ግምት፥ የከብት ክትባት ቍጥር በኮምፒዩተር በሚሰላበት ቤት ሁሉ ስሌቱን የሚያዝዘው ይህ ጽሑፍ ነው። ለደብዳቤው መዝገብ ቤት እያለው ለኮዱ መዝገብ ቤት የሌለው ቢሮ ትንሹን ነገር ቈልፎ ትልቁን ሜዳ ላይ እንደ ተወ መሆኑን የክልልና የወረዳ ሹማምንት ሊያስቡበት ይገባል።

ነገሩ የባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል የማዳበሪያውን ስሌት መመልከት ይበቃል። በኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን የተመከረው መጠን ለሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ ነበረ፤ ይህን ለማስላት የሄክታሩን ቍጥር ማባዛት ብቻ ስለ ነበረ ኮምፒዩተርም አያስፈልግም። የአፈር ጥናት ከተካሄደና ዳፕ በኤን ፒ ኤስ ከተተካ ወዲህ ግን ምክሩ እንደ አፈሩና እንደ ሰብሉ የሚለያይ ሆነ፤ ስለዚህ ሰንጠረዡ ረዘመ፥ በየጊዜውም የሚታረም ሆነ። እንግዲህ አንድ ወረዳ 20,000 ሄክታር ቢያርስና ለሄክታር 100 ኪሎ ቢመደብለት የሚደርሰው 20,000 ኩንታል ነው። ሰንጠረዡን የሚያርመው ሰው በድካም አንዲት ዜሮ ቢዘነጋ ኮምፒዩተሩ ያለ አንዳች ማመንታት 2,000 ኩንታል ብሎ ይጽፋል፤ ወረቀቱም ታትሞ፥ ተፈርሞበትና ማኅተም ተመትቶበት ይሄዳል። ስሕተቱ የሚታወቀው መኪናው መጋዘን ደርሶ ባራገፈ ጊዜ ነው፤ ሰኔ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። በዚያን ጊዜ ቍጥሩን ማን ለወጠው፥ መቼ ለወጠው፥ ከመለወጡስ በፊት ምን ይል ነበር ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጥ መዝገብ ከሌለ ሁሉም ጣቱን ወደ ጎረቤቱ ይቀስራል፤ ገበሬው ግን ያለ ማዳበሪያ ይዘራል።

መዝገብ በሌለበት ቤት ያለው ልማድ የታወቀ ነው። አንዱ ባለሙያ ፕሮግራሙን በላፕቶፑ ይጽፋል፤ ሁለተኛው በፍላሽ ይገለብጣል፤ ሦስተኛው ጥቂት አርሞ «የመጨረሻ» የሚል ስም ይሰጠዋል፤ ከወር በኋላ «የመጨረሻ ሁለት»፥ ከዚያም «ትክክለኛው የመጨረሻ» የሚል ይወለዳል። የትኛው ከየትኛው እንደ ተወለደ ሊናገር የሚችለው ጸሐፊው ብቻ ነው፤ እርሱም የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ የሄደ እንደ ሆነ ዕውቀቱ አብሮት ይሄዳል። ላፕቶፑ ቢሰረቅ ወይም ቡና ቢፈስበት ደግሞ የሦስት ዓመት ሥራ በአንድ ቀን ይጠፋል። ስለ ቡናው የሚስቅ ሰው ቢኖር የቢሮውን ጠረጴዛ ይመልከት።

ለዚህ ችግር መድኀኒቱ ከተገኘ ቈይቷል፤ የተገኘበትም አኳኋን ለመሥሪያ ቤቶች ትምህርት አለው። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ያልተጻፈበት ዓመት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒዩተር ሥርዐት የሚጽፉት ሰዎች በብዙ አገር የተበተኑ ሲሆኑ የጽሑፋቸውን ለውጥ የሚመዘግቡት ቢትኪፐር በሚባል የአንድ ኩባንያ መሣሪያ ነበር። ኩባንያው ያለ ዋጋ እንዲሠሩበት ሰጥቷቸው የነበረውን ፈቃድ በ2005 ባነሣ ጊዜ ሥራው መሣሪያ አልባ ሆነ። የሥርዐቱ መሥራች ፊንላንዳዊው ሊኑስ ቶርቫልድስ በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር አዲስ መዝጋቢ መጻፍ ጀመረ፤ ስሙንም ጊት አለው። በጁን ወር የወጣው ሊኑክስ አስቀድሞ በጊት ተመዝግቦ የወጣ ነበር። በሰው ቤት መዝገቡን ያስቀመጠ ሰው ፈቃዱ በተነሣ ቀን ምን እንደሚደርስበት እነዚያ ሰዎች ዐወቁ፤ የራሳቸውንም ለመሥራት ከሁለት ወር የበለጠ ጊዜ አልፈጀባቸውም።

ጊት የሚሠራው እንዲህ ነው። ባለሙያው በኮዱ ላይ ለውጥ ባደረገ ቍጥር ለውጡን ከስሙ፥ ከቀኑ፥ ከምክንያቱም ጋራ ይመዘግባል፤ ይህ አንዱ ምዝገባ ኮሚት ይባላል። ለእያንዳንዱ ኮሚት ጊት ራሱ ከይዘቱ አስልቶ 40 ፊደልና አኃዝ ያለው መለያ ይሰጠዋል፤ በስሌቱም ውስጥ ከርሱ በፊት የነበረው ኮሚት መለያ ስለሚገባበት አንድ ሰው የአምናውን መዝገብ በስውር ቢለውጥ ከዚያ ወዲህ ያለው መለያ ሁሉ ይለወጣል፥ ሌሎች ሰዎች ከያዙት ግልባጭ ጋራም አይስማማም። በብራና ላይ ተፍቆ የተጻፈ ቃል ለዐዋቂ ዓይን እንደማይሰወር ማለት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ግን ግልባጭ የወሰደ ሰው የዛሬውን ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ያለውን ታሪክ በሙሉ መውሰዱ ነው። ስለዚህ ባለሙያው ወደ ቀበሌ ወርዶ ያለ አንዳች መረብ ለመመዝገብም የቀድሞውን ለማየትም ይችላል፤ ወደ ቢሮው በተመለሰ ጊዜ ሥራውን ከመካከለኛው ኮምፒዩተር ጋራ ያዋሕዳል።

በዚህ ስፍራ አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም አለበት። ብዙ ሰዎች ጊትና ጊትሀብ አንድ ስለሚመስሏቸው ኢንተርኔት ከሌለ ጊት የለም ብለው ተስፋ ይቈርጣሉ። ጊትሀብ በ2008 ሥራ የጀመረ፥ በ2018 ማይክሮሶፍት በ7.5 ቢሊዮን ዶላር የገዛው የንግድ ቤት ነው፤ ሥራውም የሰዎችን የጊት መዝገብ በራሱ ኮምፒዩተሮች ላይ አስቀምጦ በኢንተርኔት ማገልገል ነው። ጊት ግን ለብቻው የቆመ መሣሪያ ነው፤ ሁለት ኮምፒዩተሮችን በአንድ ገመድ ያገናኘ ቢሮ ከጊት የሚያገኘውን ዋና ጥቅም ሁሉ ያገኛል።

ለዓለም ክፍት ለሆነ ሥራ የጊትሀብ ጥቅም የሚካድ አይደለም። ለመሥሪያ ቤት የዕለት ሥራ ግን መንገዱም በሩም ያሠጋሉ። ስለ መንገዱ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። በ2012 ዓ.ም. በሰኔ ወር መጨረሻ በመላው ኢትዮጵያ ኢንተርኔት ተዘግቶ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ድረስ ሦስት ሳምንት ያህል ፈጀ፤ በትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. አንሥቶ ለረጅም ዘመን ተቋርጦ ነበር፤ በአማራ ክልልም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቷል። የመዘጋቱ ምክንያት የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም፤ ለድልድል የተመደበው ባለሙያ ግን በነዚያ ወራት ውስጥም ሥራው አልቆመለትም። ሰኔ ደግሞ በመኸር አራሽ አገር የዘር ወር ነው። የበሩን ነገር የተመለከትን እንደ ሆነ፥ በ2019 በጁላይ ወር ጊትሀብ የአሜሪካን የማዕቀብ ሕግ ለማክበር ሲል በኢራን፥ በሶርያና በክሪምያ የሚኖሩ ሰዎች የግል መዝገባቸውን እንዳይከፍቱ አድርጎ ነበር። እነዚያ ሰዎች ያጠፉት ጥፋት አልነበረም፤ የሚኖሩበት ስፍራ ብቻ በቃ። በኋላ ለኢራን ፈቃድ ተገኝቶ በ2021 ተከፈተላቸው፤ በመካከሉ የነበረውን ጊዜ ግን የሚመልስላቸው የለም።

እንግዲህ በቤት ውስጥ ማቋቋሙ ምን ያህል ዕቃ ይፈልጋል? ከሚጠበቀው በጣም ያነሰ ነው። መካከለኛው ኮምፒዩተር፥ ማለት ሰርቨሩ፥ አዲስ ሊሆን ግድ የለበትም፤ በመጋዘን ከተጣሉት መካከል ደኅና የሆነውን መርጦ አዲስ ዲስክ መግጠም ይበቃል። ከርሱ ጋራ አንድ ስዊች፥ ጥቂት የመረብ ገመድ፥ መብራት በተቋረጠ ጊዜ የሚደግፍ ዩፒኤስ ያስፈልጋል። ዩፒኤሱን እንደ ትርፍ ነገር ቈጥሮ ከዝርዝሩ የሚሰርዝ የግዥ ሹም አይታጣም፤ ይሁን እንጂ ዲስክ በሚጽፍበት ቅጽበት መብራት ቢጠፋ ጽሑፉ ሊበላሽ ስለሚችል ከስዊቹ በፊት መገዛት ያለበት እርሱ ነው።

በሰርቨሩ ላይ የሚጫነው ሥርዐት እንደ ዴብያን ያለ ያለ ዋጋ የሚገኝ ሊኑክስ ሊሆን ይችላል፤ ዴብያን ያለ ኢንተርኔት የሚጫንበትን ሙሉ ቅጂ ስለሚያወጣ ይህን መረብ ባለበት ከተማ አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ነው። ከዚያ በኋላ ለሦስትና ለአራት ባለሙያ ጊትን መጫንና በሰርቨሩ ላይ ባዶ መዝገብ መክፈት፥ ለየሰዉም በኤስ ኤስ ኤች የሚገባበት ቍልፍ መስጠት ይበቃል። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሹሙ ራሱ በገጽ ላይ ለውጡን እያየ እንዲያጸድቅ የተፈለገ እንደ ሆነ ጊቲ የሚባለውን መጨመር ይቻላል። ጊቲ በ2016 ጎግስ ከሚባል ሌላ ፕሮግራም የተከፈለ ነው፤ በአንድ ፋይል ተጠቃልሎ ስለሚመጣና መዝገቡንም በኤስኪውላይት ሊይዝ ስለሚችል ሌላ ዳታቤዝ መጫን አያስፈልገውም፤ ለጥቂት ሰዎች 1 ጊጋ ባይት ማስታወሻ ይበቃዋል። በ2022 ከርሱ የተከፈለው ፎርጄጆም በአሠራሩ የቀረበ ነው።

ጊትላብ የሚባለው ከነዚህ የሰፋ ነው፤ ብዙ ክፍል ስላለውም ብዙ ማስታወሻና የማይለይ ጠባቂ ይፈልጋል። መቶ ፕሮግራመር ላለው ቤት መልካም ነው፤ አራት ሰው ላለው የግብርና ቢሮ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል። ትልቅ ዕቃ መግዛት ትልቅ ሥራ እንደ ተሠራ የሚያስመስል ስለ ሆነ ምርጫው ወደዚያ ማድላቱ አይቀርም፤ ነገር ግን በዓመቱ መጨረሻ ያልተበላሸው ትንሹ ነው።

ያለ ኢንተርኔት በሚጫን ጊዜ ባለሙያው ከከተማ ሳይነሣ ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ። የተረሳ አንድ ፋይል ሁለት ቀን መንገድ ያስመልሳልና። ፋይሎቹን ካወረደ በኋላ አሳታሚው ያወጣውን የማረጋገጫ ቍጥር እዚያው ኢንተርኔት ባለበት ስፍራ ጽፎ ይያዝ፤ ሰርቨሩ ዘንድ በደረሰ ጊዜ እንደገና አስልቶ አንድ ሆኖ ካላገኘው አይጫነው። ጊቲ የሰዎችን ሥዕልና ሌላውንም ነገር ከውጭ መረብ ለመጠየቅ እንዳይሞክር ከመረብ ውጭ የሚሠራበት ቅንብር መብራቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ገጹ የማይመጣ ነገር እየጠበቀ ይዘገያል። የይለፍ ቃሉን የረሳ ሰው በኢሜይል አዲስ እንዲላክለት ማድረግ ስለማይቻል ጠባቂው በእጁ ይለውጥለታል። የገጹ ማረጋገጫ ሰርተፊኬትም ከውጭ ሰጪ በቀላሉ ስለማይገኝ ቤቱ የራሱን አውጥቶ በየኮምፒዩተሩ ላይ ማስመዝገብ አለበት።

ከዚህ ይልቅ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ሌላ ነገር አለ። ዛሬ የሚጻፍ ፕሮግራም ሁሉ ማለት ይቻላል ሌሎች ሰዎች የጻፏቸውን ትናንሽ ክፍሎች ይጠራል፤ እነዚህም ክፍሎች በሚሠሩበት ጊዜ ከኢንተርኔት ይወርዳሉ። በ2016 በማርች ወር አንድ ጸሐፊ ሌፍት ፓድ የተባለች 11 መስመር ብቻ ያላትን ክፍል ኤን ፒ ኤም ከሚባለው የክፍሎች ግምጃ ቤት ባነሣት ጊዜ በዓለም ላይ ብዙ ሺህ ፕሮግራሞች መገንባት አልቻሉም ነበር። ኢንተርኔት ላላቸው ሰዎች ይህ የሰዓታት ድንጋጤ ነበረ፤ ኢንተርኔት ለሌለው ቢሮ ግን የዘወትር ሁኔታው ነው። ስለዚህ ኮዱን ብቻ መዝግቦ የሚጠራቸውን ክፍሎች ያልመዘገበ ቢሮ ሞፈሩን አስቀምጦ ማረሻውን እንደ ረሳ ገበሬ ነው። በፓይተን የሚጽፍ ባለሙያ የሚያስፈልጉትን ክፍሎች በሙሉ በከተማ አውርዶ በአንድ ማኅደር ያመጣቸዋል፤ የስሪት ቍጥራቸውንም ከኮዱ ጋራ ይመዘግባል። ይህን ማድረጉ የሚታወቀው የመረቡ ገመድ ተነቅሎ በባዶ ኮምፒዩተር ላይ ፕሮግራሙ ከመጀመሪያው ተጭኖ የሠራ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

ስለ ሰዓትም ጥቂት መናገር ይገባል። ኢንተርኔት ያለው ኮምፒዩተር ሰዓቱን በየጊዜው ከውጭ ያስተካክላል፤ የሌለው ግን ቀስ በቀስ ይዛነፋል፤ የውስጡ ትንሽ ባትሪ የሞተበትማ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቍጥር ወደ አሮጌ ዓመት ይመለሳል። እንዲህ ያለ ኮምፒዩተር የመዘገበው ኮሚት ገና ያልተጻፈውን ኮድ ከዐሥር ዓመት በፊት እንደ ተጻፈ አድርጎ ያሳያል። ስለዚህ ሰርቨሩ ለሌሎቹ ሁሉ የሰዓት አለቃ ይሁን፤ ጠባቂውም በየሳምንቱ ከእጅ ስልኩ ጋራ ያስተያየው። ጊት የሚቈጥረው በኤውሮፓውያን ዓመትና ከእኩለ ሌሊት በሚጀምር ሰዓት ስለ ሆነ፥ ለኦዲት የሚቀርበው ወረቀት ላይ የኢትዮጵያው ቀን በጐኑ ቢጻፍ ክርክር ይቀንሳል።

በዞንና በክልል ከተማ መካከል ኢንተርኔት በሌለበት ጊዜስ እንዴት ይደረጋል? ጊት ለዚህ ባንድል የሚባል መሣሪያ አለው። አንድን መዝገብ ከነታሪኩ፥ ወይም ካለፈው መላኪያ ወዲህ የተጨመረውን ብቻ፥ በአንድ ፋይል ይጠቀልላል፤ ፋይሉም በፍላሽ ተጭኖ ከሌላው የመሥሪያ ቤት ፖስታ ጋራ በመኪና ይሄዳል። የተቀበለው ቢሮ ባንድሉ ሙሉ መሆኑንና ከራሱ መዝገብ ጋራ የሚቀጠል መሆኑን በጊት ካረጋገጠ በኋላ ያዋሕደዋል። ሁለቱ ቢሮዎች አንዱን መስመር በየበኩላቸው ለውጠውት ቢገኙ ጊት ማንኛውን እንደሚመርጥ ስለማያውቅ ቆሞ ሰውን ይጠይቃል፤ መጠየቁም መልካም ነው፥ የማዳበሪያ መጠን በማሽን ፈቃድ ሊወሰን አይገባምና። ፋይሉ ከ4 ጊጋ ባይት የበለጠ እንደ ሆነ በብዙ ፍላሽ ላይ በሚገኘው የአሮጌ አቀማመጥ ላይ አይጫንም፤ የኮድ መዝገብ ግን ሥዕልና ፊልም ካልተጨመረበት በቀር እዚያ አይደርስም።

ኢንተርኔት የሌለው ቤት ቫይረስ አያገኘውም የሚል እምነት በብዙ ስፍራ አለ። እምነቱ ከንቱ ነው። በ2010 የታወቀው ስታክስኔት የተባለ ቫይረስ በኢራን ናታንዝ የነበሩትን የዩራንየም ማጣሪያ ማሽኖች ያበላሸው ከኢንተርኔት የተለየ ስፍራ ውስጥ ገብቶ ነው፤ ለመስፋፋትም በፍላሽ ይጠቀም ነበር። ስለዚህ ለባንድል የተመደበው ፍላሽ ምልክት ይደረግበት፤ ለዘፈንና ለሠርግ ፎቶግራፍ አይዋል። ሰርቨሩንም ከውጭ የማይደርስበት ነው ብሎ ሳያድሱት ዓመታት መተው አይገባም፤ በሦስት በሦስት ወር የታደሱትን ፋይሎች ማምጣትና መጫን ከጠባቂው ሥራ አንዱ ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ነገር መድረስ ይገባል፤ እርሱም ሁለተኛው ግልባጭ ነው። በ2017 በጃንዩዋሪ 31 ቀን የጊትላብ ኩባንያ አንድ ሠራተኛ በሌሊት ሲሠራ ትክክለኛውን ዳታቤዝ በስሕተት ደመሰሰው። ኩባንያው ብዙ ዓይነት የመጠባበቂያ ቅጂ እንዳለው ያምን ነበር፤ በተፈለገ ጊዜ ግን ዋናው በስሪት አለመስማማት ምክንያት ሳይሠራ ቈይቶ ተገኘ፤ አለመሥራቱን የሚያስታውቀውም ኢሜይል ለማንም አልደረሰም ነበር። የዳኑት አንድ ሠራተኛ ለሌላ ጉዳይ ስድስት ሰዓት አስቀድሞ የወሰደው ቅጂ በመገኘቱ ነው፤ የስድስት ሰዓት ሥራ ግን ጠፋ። የሚገርመው፥ የጠፋው የአስተያየቱና የተጠቃሚዎቹ ዝርዝር እንጂ የኮዱ የጊት መዝገብ አልነበረም። ኩባንያው የሆነውን ሁሉ ሳይሸሽግ ለሕዝብ ማሳተሙ የሚያስመሰግነው ነው። ሥራው መዝገብ መጠበቅ የሆነ፥ ብዙ መሐንዲስ ያለው ቤት እንዲህ ከሆነ፥ አንድ ጠባቂ ያለው ቢሮ ቅጂውን መልሶ ሳይሞክር ቅጂ አለኝ ሊል አይችልም።

ይህን ነገር ከኮምፒዩተር ሊቃውንት ይልቅ የዘር ሰዎች ቀድመው ያውቁታል። የኢትዮጵያ የዘር ባንክ በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው በገበሬው ጎታ ያለው ዘር በድርቅ ዓመት ተበልቶ እንዳያልቅ በሌላ ስፍራ እንዲጠበቅ ጭምር ነው። በሶርያ ሐለብ አጠገብ የነበረው ኢካርዳ የተባለው የደረቅ አገር እርሻ ምርምር ድርጅት የስንዴ፥ የገብስ፥ የምስር፥ የሽምብራና የባቄላ ዘር ይጠብቅ ነበር፤ የዘሩንም ቅጂ በ2008 በተከፈተው በኖርዌይ የስቫልባርድ የዘር ማከማቻ አኑሮ ነበር። ጦርነቱ ከስፍራው በለየው ጊዜ በ2015 ከስቫልባርድ ዘሩን አስወጥቶ በሊባኖስና በሞሮኮ እንደገና አበዛው፤ በ2017ም የበዛውን ወደ ማከማቻው መመለስ ጀመረ። በዚያው ደሴት በተተወ የድንጋይ ከሰል ጕድጓድ ውስጥ ጊትሀብ በ2020 የኮድ ቅጂ 21 ቴራ ባይት በፊልም አስቀርጾ አስቀምጧል። ዘርና ኮድ በአንድ ደሴት መገናኘታቸው እንዲያው የአጋጣሚ አይደለም፤ ሁለቱም የሚጠፉት በአንድ ዓይነት መንገድ ስለ ሆነ ነው።

የወረዳ ቢሮ ግን ስቫልባርድ አያስፈልገውም። በሰርቨሩ ውስጥ ሁለተኛ ዲስክ፥ ከሰርቨሩም ቤት ውጭ፥ ለምሳሌ በገንዘብ ያዡ ካዝና፥ በየሳምንቱ የሚለወጥ ሌላ ዲስክ ቢኖረው ይበቃዋል። ሁለቱን ዲስክ በአንድ ክፍል ማስቀመጥ እሳትና ሌባ እንዲያግዙ ማድረግ ነው። በየሦስት ወሩም ጠባቂው ከካዝናው ያለውን ቅጂ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ መልሶ፥ ፕሮግራሙን አስኬዶ፥ የአምናውን ድልድል አስልቶ ከአምናው ወረቀት ጋራ ያስተያይ። የተለየ እንደ ሆነ ጊዜው ሳያልፍ ይታወቃል።

አንዳንድ ሰዎች ይህ ሁሉ ድካም ለምን አስፈለገ፥ በአንድ የጋራ ማኅደር ፋይሎቹን ማስቀመጥ አይበቃምን ይሉ ይሆናል። የጋራ ማኅደር የዛሬውን ጽሑፍ ያሳያል እንጂ የትላንቱን አያሳይም፤ አንዱ በሌላው ላይ ቢጽፍበትም አይከለክልም። ሌሎች ደግሞ ኢንተርኔት በቅርቡ ይዳረሳልና መጠበቅ ይሻላል ይላሉ። ቢዳረስ እሰየው፤ በጊት የተያዘ መዝገብ በአንድ ትእዛዝ ወደ ሌላ ሰርቨር ሊዛወር ይችላልና ዛሬ የተሠራው ነገ አይባክንም። ባልተመዘገበ ኮድ ላይ ግን የደረሰው መረብ ሁሉ የሚያዛውረው ዝርክርክነትን ነው።

በመዝገቡ የማይገባም ነገር አለ። ጊት የገባበትን ስለማይረሳ የይለፍ ቃልና የገበሬዎች ስም ዝርዝር፥ የመሬታቸውና የስልክ ቍጥራቸውም፥ ከኮዱ ጋራ ሊመዘገብ አይገባም፤ ነገ ቢሰረዝም በታሪኩ ውስጥ ይኖራል፥ ግልባጭ የወሰደውም ሰው ሁሉ ይዞት ይሄዳል። ለሙከራ የሚያስፈልገው ዝርዝር በሐሰት ስም ይዘጋጅ።

የሚቀረው የሰው ጉዳይ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ተገዝቶ ጠባቂ ያልተሾመለት ቢሮ ዕቃ ገዛ እንጂ መዝገብ ቤት አላቋቋመም። ጠባቂው በደብዳቤ ይሾም፤ ምክትል ይኑረው፤ ሥራውም በሥራ ዝርዝሩ ይግባለት፥ በትርፍ ሰዓት የሚሠራ ውለታ አይሁን። ለውጥ ያደረገው ባለሙያና ለውጡን የሚያጸድቀው አንድ ሰው እንዳይሆኑ ሹሙ ያዝዝ፤ የማዳበሪያው ሰንጠረዥ ሲታረም ከአፈር ባለሙያው ፊርማ ያለው ወረቀት ቍጥሩ በኮሚቱ ምክንያት ውስጥ ይጻፍ። ጠባቂው የተዛወረ እንደ ሆነ ክሊራንስ ከመቀበሉ በፊት የሰርቨሩን ቍልፍና የይለፍ ቃል በታሸገ ፖስታ፥ በካዝና ያለውን ዲስክ፥ የባንድሉን ፍላሽ፥ መጨረሻ የተሞከረውን ቅጂ ቀንና የዋናውን መዝገብ የመጨረሻ ኮሚት 40 ፊደል መለያ ያስረክባል። ተረካቢው በፊቱ አንድ ቅጂ መልሶ አስኬዶ ካየ በኋላ ይፈርማል፤ ቃለ ጉባኤውም በሦስት ግልባጭ ተጽፎ አንዱ ለአስረካቢው፥ አንዱ ለተረካቢው ይሰጣል፤ ሦስተኛው ቍጥርና ቀን ተሰጥቶት በመዝገብ ቤት ይቀመጣል።